«የነበረውም ተዘግቷል» ላሉኝ የዳላስ ጠያቂ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «የምኖረው ዳላስ አካባቢ ነው፤ ግሪን ካርድ ካገኘሁ ከአምስት ዓመት በላይ ሆኖኛል። አገር ቤት በሶሺዮሎጂ ተመርቄያለሁ። እዚህ ወጣቶቻችን በመጠጥ፣ በጫትና በክኒን ሲጎዱ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ራሴም ያለፍኩበት ስለሆነ ይገባኛል። በቤተ ክርስቲያናችን በኩል ሰዎችን ማማከር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። አሁን በሕጋዊ መንገድ፣ የቴክሳስ ፈቃድ ያለው የሱስ አማካሪ መሆን እፈልጋለሁ። ምን ምን ያስፈልጋል? ወንጀልን በተመለከተ ምንም ችግር የለብኝም፤ የነበረውም ተዘግቷል። ዘንድሮ ለዜግነትም ላመለክት አስቤያለሁ።»

መልስ፦ በመጀመሪያ ሐሳብዎን አከብራለሁ። ልጁ በሱስ ተይዞበት በአማርኛ የሚያናግርለት ባለሙያ ያጣ ወላጅ ምን ያህል እንደሚቸገር አውቃለሁ። ስለዚህ የጠየቁኝን ባጭሩ መልሼ ወዳልጠየቁኝ ነገር እገባለሁ፤ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ቴክሳስ ውስጥ ፈቃዱን የሚሰጠው የክፍለ ግዛቱ የጤናና ሰብዓዊ አገልግሎት ኮሚሽን ነው፤ ሕጉ ደግሞ የሙያዎች ሕግ ምዕራፍ 504። ባለሙያዎቹ ፈቃዱን ኤልሲዲሲ ይሉታል። ስለ ሱስና ስለ ሕክምናው 270 ሰዓት የክፍል ትምህርት ይወስዳሉ፤ 300 ሰዓት የተግባር ልምምድ ያደርጋሉ፤ አሻራ ሰጥተው በኢንተርንነት (በተለማማጅነት) ይመዘገባሉ፤ ከዚያ በተፈቀደለት ተቆጣጣሪ ሥር 4,000 ሰዓት ይሠራሉ። ይህ ሙሉ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ቢያንስ የአሶሼት (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ዲግሪ ያስፈልጋል፤ 150 ጥያቄ ያለው የምርጫ ፈተናም አለ። እንደ እርስዎ በሶሺዮሎጂ ወይም በሌላ ተገቢ ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ከ270ው ሰዓት ትምህርትና ከ300ው ሰዓት ልምምድ፣ በተገቢው ዘርፍ ማስተርስ ያለው ደግሞ ከ4,000ው ሰዓት ነፃ ሊሆን ይችላል። ደንቡ ስለሚሻሻል ለየትኛውም ትምህርት ቤት ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ኮሚሽኑ አሁን የሚሠራበትን ደንብ ራስዎ ያንብቡ፤ ትምህርት ቤቱ የሚነግርዎት ብቻ አይብቃዎት።

የአገር ቤቱ ዲግሪዎ እዚህ በሚታወቅ የምዘና ድርጅት ኮርስ በኮርስ መመዘን አለበት። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲዎ እስኪላክ ጊዜ ይወስዳል። የወጪ መጋራት ዕዳዎን ሳይከፍሉ ወጥተው ከሆነ ደግሞ ዋናውን ማስረጃ አይሰጡዎትም፤ ስለዚህ ይህን ዛሬውኑ አገር ቤት ባለ ዘመድ በኩል ያስጀምሩ።

በቤተ ክርስቲያን በኩል ያማከሩበት ጊዜ፣ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ከ4,000ው ሰዓት ውስጥ አይገባም። ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው ተመዝግበው፣ በተፈቀደለት ተቆጣጣሪ ሥር ሲሆኑ ነው። ሕጉ የሃይማኖት አባት ለምእመናኑ የሚሰጠውን ምክር ከፈቃድ ግዴታ ያወጣዋል፤ እርስዎ ግን ካህን ወይም ፓስተር መሆንዎን አልነገሩኝም። እስከዚያው ድረስ ካርድ ላይም ሆነ በማኅበራዊ ሚዲያ ገጽዎ ላይ «የሱስ አማካሪ» የሚል ማዕረግ አይጻፉ፤ ተጽፎ ካለ ያንሡት። ለማማከር ገንዘብ እየተቀበሉ ከሆነም ዛሬውኑ ያቁሙ።

አሁን ወዳሳሰበኝ ነገር። «ወንጀልን በተመለከተ ምንም ችግር የለብኝም፤ የነበረውም ተዘግቷል» ብለዋል። ምንም ችግር ከሌለ የነበረው ምንድን ነው? ስለ ወጣቶቹ በስፋት ጽፈውልኛል፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን ክሱ ምን እንደነበረ፣ መቼ እንደነበረ፣ ዳኛ ፊት ቀርበው «ጥፋተኛ ነኝ» ብለው እንደሆነ አንድም ነገር አልጻፉም። ወንድሜ፣ ጠበቃን ምክር ሲጠይቁ የሚያሳፍረውን ነገር አስቀድሞ መናገር ይገባል። ላሳፍርዎት ብዬ አይደለም የምለው። ወገኖቻችን ደጋግመው የሚወድቁት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

ቴክሳስ ውስጥ አንድ ክስ የሚዘጋባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ውጤታቸውም በጣም ይለያያል። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ትቶት ወይም በነፃ ተሰናብተው ከሆነ መልካም። ብዙ ጊዜ የማየው ግን ሌላውን ነው። ሰውየው ይያዛል፤ ጠበቃው «ዲፈርድ ውሰድ፣ ካለቀ በኋላ ይሰረዛል» ይለዋል። ሰውየው «ጥፋተኛ ነኝ» ወይም «አልከራከርም» ይላል። ዳኛው የጥፋተኝነት ውሳኔውን አዘግይቶ በማኅበረሰብ ቁጥጥር ሥር ያቆየዋል፤ ክፍያ፣ ትምህርት፣ የሽንት ምርመራ ይታዘዝበታል። ጊዜውን በሰላም ሲጨርስ ክሱ መሰረዙን የሚገልጽ ወረቀት ይሰጠዋል። ያንን ወረቀት ይዞ ለዓመታት «እኔ አልተፈረደብኝም» እያለ ይኖራል።

በቴክሳስ የሙያ ፈቃድ ሕግ ይህ በአብዛኛው እንደ ፍርድ አይቆጠርም፤ ሆኖም ልዩ ሁኔታዎች አሉ፣ ፈቃድ ሰጪው ጉዳዩን ሊመለከት የሚችልባቸው። በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ሰው «ጥፋተኛ ነኝ» ወይም «አልከራከርም» ብሎ ዳኛው ማንኛውንም ዓይነት ቅጣት ወይም ገደብ ካዘዘበት፣ በኋላ ክሱ ቢሰረዝም፣ ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ተፈርዶበታል። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ይህን ልዩነት ሳያውቅ ቅጽ መሙላት የለበትም።

«ግን እኮ ፋይሉ ታሽጓል» የሚሉኝም አሉ። የማሸጊያ ትእዛዝ መዝገቡን ከቤት አከራይና ከአብዛኛው የግል ቀጣሪ ይሰውረዋል። ሕጉ ግን የታሸገውን መዝገብ ማየት የሚችሉ የመንግሥት አካላትን በስም ይዘረዝራል፤ ብዙ የሙያ ፈቃድ ሰጪዎች እዚያ ውስጥ አሉ። ከመዝገብ ፈጽሞ መፋቅ ሌላ ነው፤ ይህን ያገኘ ሰው በቴክሳስ ሕግ መያዙን ራሱ መካድ ይፈቀድለታል። ነገር ግን ዲፈርድ የወሰደ ሰው፣ ከትንንሾቹ የደንብ መተላለፎች በስተቀር፣ በአብዛኛው ይህን አያገኝም። ቢያገኝ እንኳ የዜግነት ማመልከቻው ቅጽ ኤን 400 የታሸገውንም የተፋቀውንም ንገረን ይላል።

ስለዚህ አደጋው ከሁለት በኩል ነው። አንደኛው ቅጹ ላይ «የለም» ብሎ መመለስ ነው። አሻራዎ በክፍለ ግዛቱ ፖሊስም በኤፍቢአይም በኩል ስለሚያልፍ የቆየው ነገር ይወጣል። የቆየ ክስ ብቻውን ሊታለፍ ይችል የነበረ ሰው ሐሰተኛ መልስ በመስጠቱ ፈቃድ ይነፈጋል፤ ታማኝነት የሙያው መሠረት ስለሆነ ኮሚሽኑ ይህን በቀላሉ አያየውም። ዜግነት ላይ ደግሞ ይብሳል። በመሐላ የተሰጠ ሐሰተኛ ቃል ራሱ ለዜግነት የሚፈለገውን መልካም ጠባይ ያሳጣል፤ ጉዳዩ ከዓመታት በኋላ ቢገኝ የተሰጠ ዜግነት እስከማንሣት ሊያደርስ ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ለእርስዎ የምሰጋው ይበልጥ በዚህ ነው፤ ልበ ቅን ሰው መሆንዎ ከደብዳቤዎ ይታያልና። «ራሴም ያለፍኩበት» ብለዋል። በዚህ ሙያ የራስ ታሪክ ይከበራል፤ በሕክምና ተቋማት ውስጥ ብዙ ጥሩ አማካሪዎች ከሱስ የወጡ ናቸው። ስለዚህ ሰው ልቡን ከፍቶ «ይህን ይህን እወስድ ነበር፣ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት» ብሎ በማመልከቻው ላይ ታሪኩን ይጽፋል። ለአሜሪካዊ ዜጋ ይህ የሚያኮራ ታሪክ ነው። ዜጋ ላልሆነ ሰው ግን የፌዴራሉ ሕግ በተከለከለ ዕፅ ረገድ ወንጀል መፈጸምን በራስ አንደበት ማመንን፣ ፍርድ ባይኖርም እንኳ፣ ወደ አገር ከመግባት ሊያግድ የሚችል ምክንያት አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከገቡ በኋላ የዕፅ ሱሰኛ የሆነን ሰውም ለማስወጣት የሚያስችል አንቀጽ አለ። እያንዳንዱ የተጻፈ ቃል ወዲያው ኢሚግሬሽን ዘንድ ይደርሳል ማለቴ አይደለም። የምለው፣ ፈርመው ያስረከቡትን ወረቀት መልሰው መውሰድ አይችሉም። የተጠየቁትን በእውነት ይመልሱ፤ ያልተጠየቁትን ግን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያየው በጽሑፍ አይስጡ። ይህ ከኤልሲዲሲው በፊት ብዙዎች የሚሞክሩትን የአቻ ድጋፍ ሰጪነት የምስክር ወረቀትም ይመለከታል፤ እሱ የራስን የሱስ ልምድ በቀጥታ የሚጠይቅ ስለሆነ።

የነበረው ጉዳይ ምን እንደሆነ ስላልነገሩኝ ሁለት ነገር ገምቻለሁ፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ። አንዱ ጠጥቶ ማሽከርከር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነና ሰው ካልተጎዳ በአብዛኛው ለብቻው ከአገር አያስወጣም፤ ለዜግነት ግን ይመዘናል። በሚመረመረው ጊዜ ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ፍርድ ያለበትን አመልካች ከ2019 ጀምሮ መልካም ጠባይ እንደሌለው ቆጥረው ነው የሚነሡት፤ ማስተባበሉ የአመልካቹ ሸክም ነው። ቴክሳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጥቶ ላሽከረከረ ሰው ዲፈርድ መፍቀድ የጀመረውም በዚያው በ2019 መስከረም ነው፤ ጉዳይዎ ከዚያ በፊት ከሆነ «ተዘግቷል» የሚሉት ነገር እንዴት እንደተዘጋ ይበልጥ ያጠራጥረኛል።

ሁለተኛው ግምቴ ጫት ነው። አገር ቤት በየመንደሩ የሚሸጥ ቅጠል ስለሆነ ወገኖቻችን እንደ ዕፅ አይቆጥሩትም። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን ለጋ ጫት ውስጥ ያለውን ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ ከሄሮይን ጋር በጥብቁ፣ በአንደኛው የዕፅ ሠንጠረዥ አስቀምጦታል፤ ካቲን የተባለው ደግሞ አራተኛው ላይ ነው። በተከለከለ ዕፅ የተፈረደበት ነዋሪ ከአገር ሊወጣ ይችላል። ሕጉ የሚምረው ለራስ ጥቅም የተያዘን 30 ግራምና ከዚያ በታች ማሪዋናን፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ነው፤ ጫትን አይጨምርም። የተከሰሱበት አንቀጽ ቃሉ ምን እንደሚል በጣም ይወስናል፤ አንዳንድ የክፍለ ግዛት አንቀጾች ከፌዴራሉ ዝርዝር ጋር ስለማይገጥሙ ሰው ይድንባቸዋል። ይህን በግምት አይወስኑት፤ የክሱ ወረቀት መነበብ አለበት።

ለበዓል አገር ቤት ለመሄድ ትኬት ቆርጠው ከሆነ ያቆዩት። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው እንዲህ ያለ ጉዳይ ካለበት ሲመለስ አየር ማረፊያው ላይ እንደ አዲስ ገቢ ሊታይ ይችላል። የዜግነት ማመልከቻውንም ለጊዜው አያስገቡ፤ ማመልከት ማለት ፋይልዎን ራስዎ ከፍተው ማሳየት ነው። ግሪን ካርድዎን ማደስ ቢኖርብዎትም ከጠበቃ ጋር ሳይነጋገሩ አይጀምሩ።

የሚሰበስቡትን ወረቀት ልንገርዎት። ጉዳዩ ቀላል ወንጀል ከነበረ አብዛኛውን ጊዜ ካውንቲ ክለርክ (የካውንቲው መዝገብ ቤት)፣ ከባድ ከነበረ ዲስትሪክት ክለርክ (የዲስትሪክት ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት) ዘንድ ሄደው ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ይጠይቁ፦ የክሱን ወረቀት፣ የሰጡትን የእምነት ክህደት ቃል የያዘውን፣ የዳኛውን ትእዛዝ፣ ቁጥጥሩ ማብቃቱን የሚያሳየውን። «ተሰርዟል» የሚለው የመጨረሻው ገጽ ብቻ አይጠቅምም፤ ጠበቃ የሚፈልገው ከእሱ በፊት ያሉትን ገጾች ነው። ከኤፍቢአይም የራስዎን የወንጀል ታሪክ ማጠቃለያ በአሻራ ያስወጡ፤ ሌላ ግዛት ኖረው ከነበረ እዚያ የተረሳ ነገር ይገኝ ይሆናል።

ወረቀቱን ይዘው መሄድ ያለብዎት የወንጀል ፍርዶችን ከኢሚግሬሽን ጋር አያይዞ የሚሠራ ጠበቃ ዘንድ ነው። ቅጽ በመሙላት የሚተዳደሩ ሰዎች ዘንድ አይሂዱ፤ ቢያዝኑልዎትም ይህን ሊያዩት አይችሉም። ጠበቃውን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ «ጥፋተኛ ነኝ» ሲሉ የያኔው ጠበቃዎ የኢሚግሬሽን መዘዙን ነግሮዎት ነበር? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በፓዲላ ጉዳይ ይህን መንገር የተከላካይ ጠበቃ ግዴታ ነው ብሏል። ቃልዎን የሰጡት ከዚያ ወዲህ ከሆነና ማንም ካልነገረዎት፣ መዝገቡን እንደገና ማስከፈት የሚቻልበት መንገድ ሊኖር ይችላል። ቀላል አይደለም፤ ግን ሳይጠየቅ መቅረት የለበትም።

ጠበቃው «ይቻላል» ካለዎት በኋላ የቴክሳስ የሙያዎች ሕግ ምዕራፍ 53 የሚሰጠውን መብት ይጠቀሙ። በዚህ መሠረት አንድ ሰው ሥልጠናውን ከመጀመሩ በፊት ያለፈው የወንጀል ጉዳይ ለፈቃዱ ያግደው እንደሆነ ፈቃድ ሰጪውን በጽሑፍ ጠይቆ የግምገማ ደብዳቤ ማግኘት ይችላል። ጥያቄውን ግን ብቻዎን አይጻፉት፤ እሱም የተፈረመ ቃል ነው። የ270 ሰዓቱ ትምህርት የሚያስፈልግዎት ከሆነም ክፍያውን የሚከፍሉት የዚህ ደብዳቤ መልስ እጅዎ ሲገባ ነው።

ይህ አጠቃላይ መረጃ ነው፤ ፋይልዎን ስላላየሁ ጠበቃዎ አይደለሁም። ጉዳዩን በዝርዝር ጽፈው በአደባባይ አይላኩልኝ፤ ማንም ያነበዋል። የክለርኩን ወረቀቶች ይዘው ቢሮ ዘግቶ የሚያነጋግርዎት ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ፤ ያኔ ሁሉንም፣ ለእኔ የተውትንም ጭምር፣ ይንገሩት።