ከሴንትራል ፓርክ በፊት የነበረው ሰፈር እንዴት ታወቀ?

ጥያቄ፦ በኒውዮርክ ከተማ፣ ሴንትራል ፓርክ ከመሠራቱ በፊት በቦታው ላይ የጥቁሮች ሰፈር እንደነበረ አንብቤአለሁ። ቤቶቹ በሙሉ ከፈረሱ፣ ነዋሪዎቹም ከተበተኑ ታሪኩ ከብዙ ዘመን በኋላ እንዴት ሊታወቅ ቻለ? ይህን ያህል ጊዜስ ለምን ተረሳ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጠቀሱት ሰፈር ሴኔካ ቪሌጅ ይባላል። በዛሬው ፓርክ ምዕራባዊ ወገን፣ በ82ኛውና በ89ኛው ጎዳናዎች መካከል ይገኝ ነበር። ታሪኩን ካቆዩልን ሰነዶች ዋነኞቹ ሰፈሩን ለማንሣት ሲባል የተዘጋጁት ናቸው። የከተማው አስተዳደር መሬቱን ለመውሰድ ካሳ መክፈል ነበረበት፤ ካሳ ለመክፈል ደግሞ ባለመብቱን በስም መለየት፣ ይዞታውን መለካትና ንብረቱን መገመት ግድ ሆነበት። በ1856 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተነሣው ካርታ ቤቶቹንና አብያተ ክርስቲያናቱን በየቦታቸው የሚያሳየን በዚህ ምክንያት ነው።

ከካርታው ወደ ኋላ ሲኬድ የመሬት ሽያጭ ውሎች ይገኛሉ። በ1825 አንድሪው ዊሊያምስ የተባለ፣ ጫማ በመጥረግ የሚተዳደር የ25 ዓመት ጥቁር ወጣት ሦስት ቦታዎችን በ125 ዶላር ገዛ። በዚያው ሰሞን ኤፒፋኒ ዴቪስ 12 ቦታዎችን በ578 ዶላር ገዛ፤ የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊ ጽዮን ቤተ ክርስቲያንም ስድስት ቦታዎችን የራሷ አደረገች። የእነዚህ ግዢዎች ክብደት የሚታየው ከዘመኑ ሕግ ጋር ሲነበቡ ነው። በኒውዮርክ ግዛት ባርነት ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1827 ሲሆን፣ የ1821ዱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ጥቁር ወንድ ድምፅ እንዲሰጥ የ250 ዶላር የማይንቀሳቀስ ንብረትና የሦስት ዓመት ነዋሪነት ይጠይቅ ነበር፤ ነጮችን ግን ይህ የንብረት መስፈርት አይመለከታቸውም ነበር። ስለዚህ በሴኔካ ቪሌጅ ቦታ መግዛት መጠለያ ከማግኘትም በላይ ወደ ዜግነት መብት የሚወስድ መንገድ ነበር።

የካሳ ሰነድ የሚናገረው ግን በዋናነት ስለ ባለይዞታዎች ነው። ተከራዩን፣ ሚስቱንና ልጆቹን ለማግኘት የ1855ቱን የሕዝብ ቆጠራና የአብያተ ክርስቲያናቱን መዝገቦች መመርመር ያስፈልጋል። ቆጠራው ወደ 225 የሚጠጉ ነዋሪዎችን ያሳያል፤ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ጥቁሮች፣ አብዛኞቹ የቀሩት ደግሞ የአየርላንድ ስደተኞች ነበሩ። ሰፈሩ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት፣ አንድ ትምህርት ቤትና የመቃብር ስፍራዎች ነበሩት። የፓርኩ ሕግ በጸደቀበት በ1853፣ በኦገስት 4 ቀን፣ የጽዮን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ለአዲሱ ሕንፃቸው የመሠረት ድንጋይ አኖሩ፤ በውስጡም መጽሐፍ ቅዱስ፣ የመዝሙር መጽሐፍና የወቅቱን ጋዜጦች የያዘ ሣጥን አስቀመጡ። በቅርቡ ለመልቀቅ የሚያስቡ ሰዎች እንዲህ ያለ ሣጥን ከመሠረት ሥር አያኖሩም።

ወደ መረሳቱ ልምጣ። የፓርኩ ደጋፊ የሆኑ ጋዜጦች ነዋሪዎቹን በሰው መሬት ላይ ያለፈቃድ የሰፈሩ፣ ቤቶቻቸውንም ደሳሳ ጎጆዎች አድርገው ጻፉ። ሰፈሩ በ1857 ከፈረሰ በኋላ የፓርኩን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ይህንኑ ደጋገሙት። የሽያጭ ውሉ ግን በመዝገብ ቤት ነበር፤ ዊሊያምስ ለንብረቱ 3,500 ዶላር ጠይቆ 2,335 ዶላር እንደተሰጠው የሚያሳየው ሰነድም እንዲሁ። በእኔ እምነት ሰፈሩ የተረሳው ማስረጃ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ጋዜጣውን ከውሉ ጋር አስተያይቶ የሚጠይቅ ሰው ባለመኖሩ ነው። ይህ የተለወጠው በ1992 ሁለት የታሪክ ምሁራን ስለ ፓርኩ ባሳተሙት ጥናት ሲሆን፣ በ1997 ደግሞ የኒውዮርክ ታሪክ ማኅበር ስለ ሰፈሩ ዐውደ ርእይ አቀረበ።

ከዚያ በኋላ አርኪዮሎጂስቶቹ ዳያና ዎልና ናን ሮትስቻይልድ ከሲንቲያ ኮፕላንድ ጋር ሆነው ቦታውን በራዳር መረመሩ፤ በ2011ም ቆፈሩ። ያገኙት የዊልያም ጎድፍሬይ ዊልሰንን ቤት መሠረት ነው፤ እርሱም ኦል ኤንጅልስ የተባለው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። ከአፈሩ የወጡት የብረት የሻይ ጀበና፣ ከቻይና የመጣ የሸክላ ዕቃ ስብርባሪ፣ የአጥንት የጥርስ ብሩሽ እጀታና ትንሽ ጫማ፣ ጋዜጦቹ ስለ ጎጆዎቹ የጻፉትን ከውሎቹ ባልተናነሰ ይቃወማሉ። ውሉ ቤተሰቡ መሬቱን በሕግ መያዙን ብቻ ያረጋግጣል፤ በቤቱ ውስጥ እንዴት ይኖር እንደነበር የሚነግሩን እነዚህ ዕቃዎች ናቸው።