ለለመደ ደንበኛ አዲስ ዕቃ ማስለመድ፦ ከምድጃ ሻጯ ጋር ጥያቄና መልስ

ቱሉ ዲምቱ ላይ ምድጃ፣ ምጣድና የማዕድ ቤት ዕቃ እሸጣለሁ። ሚርት የሚባለውን የእንጀራ ምድጃና ላቀች የሚባለውን የከሰል ምድጃ ለሠፈሬ ሰው ያስለመድኩት እኔ ነኝ። አዲስ ዕቃ ይዛችሁ ደንበኛ ፊቱን ያዞረባችሁ ጠይቁኝ። ዕቃው ምን እንደሆነና ለማን እንደሆነ ሳትጽፉ ግን አትጠይቁ።

ከሱሉልታ፦ እትዬ፣ ደንበኞቼ አዲስ ነገር አይወዱም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ምን ዕቃ? ለማን? ከላይ ጽፌዋለሁ።

ከኮዬ ፈጬ፦ ሚርት አምጥቼ በኮንዶሚኒየማችን የጋራ ማዕድ ቤት ውስጥ ጋግሬ አሳየሁ። እናቶች «እንጀራው ዓይን አያወጣም» ብለው ወደ ሦስት ጉልቻቸው ተመለሱ።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ነው። በማን ሊጥ ጋገርክ? አንተ ባቦካኸው ከሆነ፣ ጥፋቱ የሊጡ ይሁን የምድጃው ማንም አይለይም፤ የሚወቀሰው ግን አዲሱ ነው። ሊጡ የደንበኛዋ ይሁን፣ አብሲቱንም እሷው ትጣል፣ ምጣዱም ራሷ ያሟሸችው ይሁን። የሚቀየረው ምድጃው ብቻ ነው። ምድጃውን ከመሸከምህ በፊት የምጣዷን ስፋት በገመድ ለካ። ካልገጠመ ጭሱ በዙሪያው ይወጣል፣ ነገርህም እዚያው ያበቃል።

ቀጥሎ እሳቱ ነው። ሚርት ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራ ስለሆነ፣ ወፍራሙ ግድግዳ መጀመሪያ ላይ ሙቀት ይጠጣል። ጉልቻ የለመደች ሴት ነበልባሉን በደንብ ስለማታየው እሳቱ የደከመ ይመስላትና እንጨት ትጨምራለች። አፉ ይታፈናል፣ ይጨሳል፣ ምጣዱ ሳይግል ሊጡን ታፈሳለች። እንጀራ ዓይን የሚያወጣው በሚገባ የቦካ ሊጥ በጋለ ምጣድ ላይ ሲያርፍ መሆኑን እሷ ካንተ ይልቅ ታውቃለች፤ የማታውቀው የዚህን ምድጃ እሳት ነው። ስለዚህ እንጨቱን አቅጥነህ ፍለጥ፣ ምጣዱ እስኪግል አትቸኩል፣ የመጀመሪያዋን እንጀራ ለማሟሻ ተዋት። ግድግዳው አንዴ ከሞቀ በኋላ እንጨት መቀነስ ትጀምራለች። ያን ጊዜ አንተ ዝም በል። ከጎኗ የተረፈውን ፍልጥ ራሷ ታየዋለች።

በሙከራ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ይቆጥባል። ይህን ቁጥር ለደንበኛ አትንገር። ግማሽ ብለሃት ሢሶ ከተረፋት ውሸታም ትባላለህ።

ደግሜ እላለሁ፦ በእሷ ሊጥ። ጉልቻዋንም አታጣጥል፤ እናቷ ጋግራ ያሳደገቻት በእሱ ነው።

ከለሚ ኩራ፦ በዚህ ዘመን ስለ እንጨት ምን ያስወራናል? የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽጡና ተገላገሉ።

ከገላን፦ ወንድሜ፣ እኛ ዘንድ ቅዳሜ ሁሉም ሲጋግር መብራቱ ይደክማል። ምጣዱ ለብ ብሎ ይቀራል።

ከለሚ ኩራ፦ ይህ የትራንስፎርመሩ ችግር ነው እንጂ የምጣዱ አይደለም።

ከገላን፦ ሊጧን የደፋች ሴት ይህን ልዩነት ምን ታድርገው?

ከቡራዩ፦ «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ሕዝባችን ለውጥ አይወድም፣ ተፈጥሮው ነው።

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። የቤቱን ሽቦ ሳታዩ አትሽጡ። ክርክሩን እዚህ ላይ አቁሙት።

ሕዝባችን ለውጥ አይወድም የሚለውን ግን አልቀበልም። እንስራን ከሴቶች ጀርባ ያወረደው የማን ስብከት ነው? የዘይት ጄሪካን ነው። ይቀልላል፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ማንም ሳያስተምር ተቀበሉት። በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ነው፤ ዛሬ ያለ እሱ ቀይ ወጥ አለ? መነሻው አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ዛሬ የምናነድደው እሱን ነው። ሰው ጥቅሙን በእጁ ከዳሰሰ ይቀበላል። ደንበኛዬ የምትፈራው እንግዳ ፊት ዓይን የሌለው እንጀራ ማቅረብን ነው። አንድ ቡሆ ተበላሸ ማለት የቤተሰቡ የሰሞኑ እንጀራ ተበላሸ ማለት ነው፤ የጤፍን ዋጋ ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያንን ኪሳራ ሻጩ ካልተሸከመላት እሷ ለምን ትሸከማለች? «ከተበላሸ ጤፉን እተካለሁ» በሏት። ማለት ብቻ አይበቃም፣ ዱቄቱን ይዛችሁ ሂዱ።

ከለገጣፎ፦ አዮዲን ያለው ጨው አምጥቼ እናቶች «ጨውነት የለውም» አሉኝ።

መልስ፦ ጨው ሙያዬ አይደለም። ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። አዮዲን የሚከላከለውን እንቅርት እናቶች ያውቁታል፣ ከዚያ ጀምር። ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር።

ከሰበታ፦ ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ አለ፤ አዛውንት ደንበኞቼ ግን ከጥሬ ገንዘብ ሌላ አያውቁም።

መልስ፦ ይህን የሚያውቁትን ጠይቅ። ስልኩን ከእጃቸው አትቀበል፣ የሚስጥር ቁጥራቸውንም አትጠይቅ።

ከሱሉልታ፦ እሺ እትዬ፣ ዕቃው ላቀች ነው፣ ለጀበና ቡና ሻጮች። ግን ለውጥ አይወዱም።

መልስ፦ ይህችን ዐረፍተ ነገር ደግሜ እንዳላነብ። ቡና ሻጭ ቀኑን ሙሉ ከሰል ታነድዳለች፤ ስለዚህ ቁጠባው ከማንም ቀድሞ ይታያታል። ጠዋት እኩል ከሰል በሁለት ጣሳ ስፈርላት፣ አንዱን ለቆርቆሮ ምድጃዋ፣ አንዱን ለላቀች። የትኛው ቀድሞ እንዳለቀ እሷ ትንገርህ። የውስጡ ሸክላ እንዳይሰነጠቅ በጋለበት ውኃ አታፍስሱበት። አሮጌውን ምድጃም አትውሰድባት፣ ከአጠገቧ ይቀመጥ። መመለሻ ያላት ሴት ለመሞከር አትፈራም።

ከቡራዩ፦ በነጻ ብንሰጥስ?

መልስ፦ አይሆንም። አውሱ እንጂ አትስጡ። ገንዘብ ያልወጣበት ምድጃ እንጨቱ ትንሽ ሲያስቸግር ጓሮ ይጣላል።

ከገላን፦ የበዓል ዋዜማ ገበያው ሞቅ ስለሚል ያን ጊዜ ልጀምር ብያለሁ።

መልስ፦ በፍጹም! በበዓል እንጀራ ማን ይሞክራል? ተራ ሳምንት ምረጥ። መጀመሪያ ለሠፈሩ እንጀራ ጋግራ ለምትሸጠዋ ሴት አውሳት፣ በእሷ ሊጥ። ከመለሰችልህ ምክንያቷን ጠይቀህ ጻፍ፤ ያንን ሳታስተካክል ወደ ሁለተኛ ቤት አትሂድ።