ማቹ ፒቹ ለምትሄዱ፦ ሰርኪቱን ሳታዩ ትኬት እንዳትገዙ

እህቴ፣ «በነሐሴ እናቴን ይዤ ፔሩ፣ ኩስኮና የኢንካዎቹ ጥንታዊ ከተማ ማቹ ፒቹ ልሄድ ነው፣ ትኬቱን በወኪል ልግዛ ወይስ እዚያው ደርሼ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም አምና በነሐሴ ከእናቴ ጋር ነበር የሄድኩት፤ በኔ የደረሰው በአንቺ እንዳይደርስ ነው ይህን የምጽፈው።

1. በወኪል አትግዢ። ከመንግሥት ድረ ገጽ ራስሽ ግዢ፣ አሁኑኑ። ከማቹ ፒቹ ሥር ባለችው መንደር፣ አጉዋስ ካሊየንቴስ፣ በየቀኑ ለማግስቱ የሚሸጥ 1,000 ትኬት አለ፤ ግን በነሐሴ እናትን ይዞ ለዚያ ሰልፍ አይኬድም። ዋናው ነገር ሰርኪቱ፣ ማለት የተመደበልሽ የጉብኝት መንገድ ነው። ከ2024 ወዲህ ጉብኝቱ በ3 ሰርኪት ተከፍሏል፣ ከተሰጠሽ መንገድ መውጣት አይቻልም። 1ኛው ከላይ እርከኖቹ ላይ ሆነሽ ከተማውን ቁልቁል ያሳይሻል እንጂ ውስጡ አያስገባሽም። 3ኛው በታች በኩል ያስገባሻል፤ ያ ሁሉ ሰው የሚነሳውን ፎቶ ግን አታገኚውም። ሁለቱንም የሚሰጥሽ 2ኛው ነው። ለእኔ ይህን የነገረኝ የለም። አንድ ወኪል «ሙሉ ጉብኝት» ብሎ የሸጠልኝ ትኬት በሩ ላይ ሲታይ ሰርኪት 1 ሆኖ ተገኘ። እናቴ እርከኑ ላይ ቆማ፣ መሃል ያለውን አረንጓዴ ሜዳ በጣቷ እያሳየች «ወደዚያ የምንወርደው መቼ ነው?» አለችኝ። አንወርድም ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። ኩስኮ ተመልሼ ወኪሉ ቢሮ ስሄድ፣ ልጅቷ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «ትኬቱ ማቹ ፒቹ ነው የሚለው፤ አይተሃል አይደል?» አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው መልሱ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፓስፖርት ደግሞ በዋናው ያዢ፤ ቁጥሩ ትኬቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት።

2. «ደገኛ ነኝ» ብለሽ አትተማመኚ። እኔ ደብረ ብርሃን ነው ያደግሁት፤ ቨርጂኒያ 14 ዓመት ኖሬ ሰውነቴ ረስቶታል። ኩስኮ 3,400 ሜትር ገደማ ነው፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት ራሴን ይዤ አነጋሁ። ከአውሮፕላን ስትወርዱ በቀጥታ ኦያንታይታምቦ ወደምትባለው ከተማ ውረዱ፤ 2,800 ገደማ ነው፣ የማቹ ፒቹም ባቡር ከዚያ ይነሳል። ኩስኮን ለመጨረሻ አቆዩት።

3. ገበያው። ፒሳክ የምትባል ከተማ ገበያ ላይ «ቤቢ አልፓካ» (አልፓካ የሚባለው የዚያ አገር እንስሳ ለስላሳ ሱፍ) ተብሎ የገዛሁት ሹራብ ፕላስቲክ ክር ነበር። እውነተኛው ስትነኪው ቀዝቀዝ ይላል፣ ሲያነሱት ደግሞ ከበድ ይላል። ስለዚህ ለጨርቅ ቺንቼሮ የምትባለው መንደር ሂዱ፣ ሸማኔዎቹ ቤት። አንዲት ሴት ከቁልቋል ላይ የተለቀመች ደረቅ ተባይ መዳፏ ላይ ጨፍልቃ ደም የመሰለ ቀይ አወጣች፤ ሎሚ ጠብ ስታደርግበት ወደ ብርቱካን ዞረ። (ትግራይ ውስጥ በለሱን የጎዳው ያው ተባይ ነው።) እናቴ ይህን ስታይ ዝም ብላ እጇን ዘረጋች፣ እንዝርቱን ተቀበለቻት፣ ቁጭ ብላ ፈተለች። ክሩ አንዴም አልተበጠሰባት። ሴትዮዋ ጎረቤቶቿን ጠርታ አሳየቻቸው። አንድ ቃል የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም፣ ግን ግማሽ ሰዓት አብረው ፈተሉ። የሸማኔ ልጅ ናት እናቴ! በዚያ ቀን የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም። ቀዩን መቀነት ያለ ክርክር በጠየቁን ዋጋ ገዛን፤ አንቺም እዚያ አትከራከሪ፣ ብዙ የተደከመበት ሥራ ነው።

የእናትሽ ጉልበት እንዴት ነው? 2ኛው ሰርኪት ደረጃ ይበዛዋል። ሁኔታዋን ጻፊልኝና የትኛው ሰዓት እንደሚሻላችሁ እነግርሻለሁ።