መልስ፦ ዝናብ ሳይኖር ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበው ውሃ

ቆርቆሮህ አያፈስም። «ታኅሣሥ ላይ፣ ዝናብ በሌለበት፣ ንጋት ላይ አልጋዬ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ምስማሩን በሬንጅ ብደፍነውም አልቆመም» ብለሃል። ሬንጁን ተወው፤ ውሃው የሚመጣው ከውስጥ ነው። የትንፋሻችሁ፣ የወጡና የጀበናው እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣና የደሴ ሌሊት ያቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ጤዛ ሆኖ ይወርድብሃል። ከተማው ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ደግሞ ቆርቆሮው ከአየሩም ብሶ ይቀዘቅዛል። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ስለሆነ ነው እዚያ ብዙ የማታየው።

1. ግድግዳውና ጣሪያው በሚገናኙበት፣ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ጎኖች፣ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ክፈትና በወንፊት ሽቦ ሸፍነው። በጨርቅ የወተፍከው ካለ አውጣው።

2. ስታበስል ድስቱን ክደን፣ መስኮት ክፈት። እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ አታስጣ።

3. አቅም ሲኖር ኮርኒስ። የማዳበሪያ ጆንያውም ይሆናል፣ ግን ከኮርኒሱ በላይ ያለው ክፍተት አየር ካላገኘ ጤዛው እዚያው እየተጠራቀመ እንጨቱን ያበሰብሰዋል።

አደራ፣ ብርድ ገባ ብለህ ቀዳዳውን ደፍነህ የከሰል ምድጃ አጠገብህ አድርገህ እንዳትተኛ። እኛ ሰፈር «ጭሱ ካለቀ ምንም አይል» የሚሉ አሉ፣ ውሸት ነው። ፍሙ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ እንቅልፍ ላይ እያለህ ይገድላል። ራስህን ካመመህ ወይም ካቅለሸለሸህ ወዲያው ወደ ውጭ ውጣ። ምድጃውን ከመኝታ በፊት ደጅ አውጣው፣ ሌሊቱን በጋቢ ተወጣው።