መልስ፦ የአንጋፋ ባልደረባን ስህተት በሁሉም ፊት ማረም ነውር ነው ወይ?

ጤና ይስጥልኝ። ብዙ መሐንዲሶች በሚካፈሉበት የኢሜይል ውይይት አንድ አንጋፋ ባለሙያ የተሳሳተ ስሌት መላካቸውን፣ እርስዎም ለሁሉም ይመልሱ ወይስ ለእርሳቸው ብቻ በሚለው መቸገርዎን ጽፈዋል። ሌሎች በስሌቱ ሊሠሩበት የሚችሉ ከሆነ እርማቱም ስሌቱን ላዩት ሁሉ መድረስ አለበት ባይ ነኝ፤ ጉዳዩ የፊደል ግድፈት ከሆነ ግን ለእርሳቸው ብቻ ይጻፉ።

ለሁሉም ሲጽፉ የሚያርሙትን መስመር ብቻ ከመልእክቱ ጠቅሰው መልስዎን ከሥሩ ያስፍሩ፤ እንዲህ ሲሆን ንግግሩ ስለ ቁጥሩ እንጂ ስለ ሰውዬው አይሆንም፣ ዘግይቶ የሚያነብም ሰው የቀደሙትን መልእክቶች ሁሉ ለማገላበጥ አይገደድም። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው አር ኤፍ ሲ 1855 የተባለው የኢንተርኔት ጨዋነት መመሪያም ተመሳሳይ ምክር ይሰጣል። በስሜት የተጻፈ መልስ ሳይላክ ይደር የሚለው ምክሩ ደግሞ እኔን ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል (ጠዋት ሳነበው ግማሹን የምሰርዘው እኔው ነኝ)።

ግልጽነት ግን ስድብን አይጨምርም። የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ኮምፒውተር ሥርዓት እምብርት የሆነው ሶፍትዌር) አበልጻጊዎች ለዓመታት በኢሜይል በግልጽ፣ አንዳንዴም በጭካኔ፣ ሲተራረሙ ኖረው በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. የፕሮጀክቱ መሥራች ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ስለ ሻካራ አነጋገሩ ይቅርታ ጠየቀ፣ ፕሮጀክቱም አዲስ የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበለ፤ የኮድ ግምገማው ግን ዛሬም በሁሉም ፊት ይካሄዳል።

በእርስዎ ጉዳይ አንቱታውን ሳይተዉ በጥያቄ ቢጀምሩ ይሻላል፤ «ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው አሃድ ኒውተን ነው ወይስ ኪሎኒውተን?» ብሎ መጠየቅ አንጋፋው ራሳቸው እንዲያርሙት በር ይከፍታል።