የአያትሽ የምኒልክ ብር ለደረጃ ይላክ?

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ከአያትሽ ሳጥን ሁለት ማርትሬዛ (የኦስትሪያዋን ማሪያ ቴሬዛ መልክ የያዘችው ጠገራ ብር)፣ አንድ የምኒልክ ብርና ብዙ የ1936 ሳንቲም አግኝተሽ «አጽድቼ ውጭ አገር ልኬ ደረጃ ላስወጣላቸው?» ብለሻል። ደሴ ፒያሳ ብር የማነጥር ነኝና እንዲህ ያለ ነገር እጄ ላይ ይበዛል።

ማጽዳቱን ተይው። ሎሚም አመድም እንዳታስነኪያቸው። ለሳንቲም ደረጃ የሚሰጡት የአሜሪካ ድርጅቶች፣ እነ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ፣ ከ1 እስከ 70 በሚደርስ ነጥብ ይመዝናሉ፤ ተፈትጎ ያገኙትን ግን «የጸዳ» ብለው ነጥብ ይነፍጉታል፣ ክፍያሽን ግን አይመልሱም።

ሳንቲሞቹ አያዋጡም። 1936 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት ተመትቷል። ከመካከላቸው ጠርዙ ድፍን ክብ የሆነ 25 ሳንቲም ካገኘሽ ግን ለይተሽ አስቀምጪው። ያንን ሰው ብር እየቀባ በ50 ሳንቲም ስም ሲያሳልፈው ነው ጠርዙ ሞገድ እንዲሆን የተደረገው።

ማርትሬዛም ያው ናት፤ ሮምም ለንደንም ቦምቤይም የመቷት 1780 እያሉ ነው። 28 ግራም ያህል ትመዝናለች፣ ብሯ 833 ከሺህ ነው፤ በሚዛን ትሸጣለች። ጠርዟ ላይ ጎላ ያለ ጽሑፍ ከሌለና ዙሪያውን አንድ ቀጭን መስመር ከዞረው፣ በቅርጽ የፈሰሰች ሐሰተኛ ናት።

የሚያነጋግረው የምኒልኩ ነው። በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ ካለ ጥቂት ነው የተመታው፤ ፲፰፻፹፱ ግን በየቤቱ አለ። አምፖል ሥር አዘንብለሽ ከዘውዱ በላይ ያለውን ጠርዝ እዪ። ጠቆር ያለ የብየዳ ነጥብ ወይም የሞረድ ጭረት ካለ ማንጠልጠያ ተበይዶበት አንገት ላይ ኖሯል ማለት ነው። እኛ ዘንድ አብዛኛው ጠገራ እንዲያ ነው፤ ለጌጥ ያምራል፣ ለደረጃ ግን አልቆለታል። ንጹሕ ከሆነ ደግሞ የአንበሳውን ጎፈር ተመልከቺ፤ ጸጉሩ አንድ በአንድ ካልተለየ አትልኪው።

ከዚያ ሂሳቡ ነው። ክፍያው፣ የመላኪያውና የኢንሹራንሱ ተደምሮ፣ ደረጃው የሚጨምርልሽ ዋጋ ከድምሩ እጥፍ ካላለፈ እኔ አልልክም። ደግሞ አሮጌ ገንዘብ ቅርስ ሊባል ይችላልና ፖስታ ቤት ከመሄድሽ በፊት ቅርስ ባለስልጣንን ጠይቂ፤ ያለ ፈቃድ ሲወጣ ከተያዘ ነገሩ ሌላ ነው።

ለጊዜው እያንዳንዳቸውን በወረቀት ጠቅልለሽ አስቀምጪ፤ ፕላስቲክ አይሁን። የምኒልኩን በሁለቱም ፊትና በጠርዙ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።