መልስ፦ ገበሬው በአጥቢያው መዝገብ አለ፣ በማኖሩ ለምን ጠፋ?

ወንድሜ፣ በ1640ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነበረው እንግሊዛዊ ገበሬ በጥምቀት መዝገቡ ተገኝቶ በማኖሩ (በአንድ ጌታ ሥር ባለው ርስት) መዝገብ ስለጠፋብህ አትደናገጥ። የአጥቢያና የማኖር ድንበር አንድ አይደለም። በአንድ አጥቢያ ሁለት ሦስት ማኖር ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ማኖርም ጎረቤት አጥቢያ ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ መሬቱ የየትኛው ጌታ እንደነበር ለይ። ለንደን ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሚይዘው የማኖር ሰነዶች ማውጫ የማኖሩ ችሎት መዝገብ፣ ማለትም ጥቅልሉ፣ የት እንዳለ ይነግርሃል።

ጥቅልሉን ስታገኝ «ኮፒሆልድ» ይዞታዎችን፣ ማለትም በዚሁ ጥቅልል ተመዝግበው የሚያዙ መሬቶችን፣ ፈልግ። ባለይዞታው ሲሞት ሞቱ በማኖሩ ችሎት ይነገራል፤ ወራሹም የመግቢያ ገንዘብ ከፍሎ ይመዘገባል። አባትና ልጅን አንድ ገጽ ላይ የምታገኘው እዚህ ነው። ሰውዬህ ከሌላ ጭሰኛ ላይ የተከራየ ከሆነ ግን ስሙ ጨርሶ ላይወጣ ይችላል፤ ፍለጋ አንዳንዴ የሚከሽፈውም በዚሁ ነው።

የጥቅልሉ ጽሑፍ እስከ 1733 በላቲን ነው፣ ከ1651 እስከ 1660 ካለው በቀር። አረፍተ ነገሮቹ ስለሚደጋገሙ ቶሎ ይለመዳል።

ቀኑንም ልብ በል፦ በእንግሊዝ እስከ 1751 ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25 ነበር። «ፌብሩዋሪ 1641» ተብሎ የተጻፈው በዛሬው አቆጣጠር 1642 ነው። መስከረም ላይ ዓመት ለምንቀይረው ለእኛ ይህ ብዙም አይከብድም። የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ከተነሳበት ከ1642 ወዲህ ደግሞ ብዙ የአጥቢያ መዝገቦች ክፍተት አለባቸው።